ክፍት ቦታውን በተስማሚ ቆርቆሮ ሙላ

አራሚው በማተሚያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ስህተት ሲለቅሙ ኖረው፣ የራሳቸውን አንዲት ስህተት ለጡረታቸው አቆይተዋት ነበር።

ሥራቸው የመማሪያ መጻሕፍት ወደ ማተሚያው መኪና ከመግባታቸው በፊት ፊደል በፊደል ማንበብ ነበር። ያኔ የመጻሕፍቱ ወረቀት ግራጫ፣ ጠረናቸው የቀለምና የሙጫ ነበር፤ በየምዕራፉም መጨረሻ «ክፍት ቦታውን በተስማሚ ቃል ሙላ» የሚል መልመጃ አይጠፋም። ዛሬ ልጆች ክብ ያጠቁራሉ እንጂ ቃል መፈለግ ቀርቶላቸዋል፤ በዚያ ዘመን ግን አንዲት ባዶ መስመር ፊት ተቀምጦ እርሳስ መንከስ የእውቀት መጀመሪያ ነበር። አራሚው ያችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበቧት ቤቱ ይቁጠረው። ባልደረቦቻቸው «ድርብ ሰረዝ» የሚል ቅጽል አውጥተውላቸው ነበር፤ ሌላው ሰው አራት ነጥብ አድርጎ በጨረሰበት ቦታ እሳቸው የሚጨምሩት ነገር አያጡምና።

ጡረታ ሲወጡ የሚታረም ጽሑፍ አጡ። መጀመሪያ የሰፈሩን የሱቅ ማስታወቂያዎች አረሙ። ቀጥለው የባለቤታቸውን የገበያ ዝርዝር አረሙ፤ ባለቤታቸው «ሽንኩርትን አሳምረህ ከጻፍክ፣ ሂድና አሳምረህ ግዛ» ብለው ዘንቢሉን ሲያስታቅፏቸው ግን ዝርዝሩን እርግፍ አድርገው ተዉት። በመጨረሻ ዓይናቸው ጓሮ ባለው አጥር ላይ አረፈ።

አጥሩን የተከሉት አባታቸው ነበሩ። የአባታቸው ቦታ በሁለት መንገዶች መካከል የተዘረጋ ረጅም መሬት ሲሆን፣ እሳቸው ሲሞቱ ለሁለት ተከፍሎ የላይኛው ለታላቅ እኅታቸው፣ የታችኛው ለአራሚው ደረሰ። የእኅትየው ቤት ወደ ላይኛው መንገድ፣ የአራሚው ወደ ታችኛው መንገድ ፊቱን አዙሮ፣ ሁለቱ ቤቶች ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል። በመካከል ያለው አጥር ግማሹ ቁጥቋጦ፣ ግማሹ የዛገ ሽቦ ነበር። ወገቡ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ጎኑን ሰጥቶ የሚያልፍበት ሽንቁር አለው። ያንን ሽንቁር ማንም አልከፈተውም፤ በእግር ብዛት የተከፈተ ነው።

በዚያ ሽንቁር በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል እኅትየው ይመጣሉ። አራሚው «እታለም» ይሏቸዋል፤ ከአፋቸው ተቀብሎ ቤተሰቡም ሁሉ እታለም ይላቸዋል። እታለም በነጠላ ጫማቸው፣ ሳያንኳኩ፣ ሳይጣሩ ወጥ ቤት ገብተው ከመስኮቱ ሥር ያለችውን ወንበር ይይዛሉ፤ አራሚው ጋዜጣ ያነቡላቸዋል። ዓይናቸው ደህና ነው፤ «ከአንተ አፍ ሲወጣ ክፉ ዜና እንኳ ይለሰልስልኛል» ይላሉ እንጂ። አራሚውን ፊደል ያስቆጠሯቸው እሳቸው ነበሩ። ስለዚህም ድርብ ሰረዝን ደፍሮ የሚያርም ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ቢገኝ እታለም ናቸው። «ቀስ በል፣ ውሻ አያሳድድህም» ሲሏቸው፣ ማተሚያ ቤቱን ያንቀጠቀጡት ሰው እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ቀስ ይላሉ።

በሽንቁሩ ሳይሆን በመንገድ ልዙር ያለ ሰው በሁለቱ ቤቶች መካከል ሠላሳ ሰባት የድንጋይ ደረጃ አለበት፤ ከዚያ ጥጉ ላይ ያለውን ጋራዥ አልፎ መታጠፍ ነው። ጤነኛ ሰው ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ለእታለም ጉልበት ግን መንገድ ሳይሆን ቅጣት ነው።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት ነፋስ ያንን አጥር ገፋ አድርጎ ወደ ጎን አጋደመው። ባለቤታቸው «አንድ እንጨት ደገፍ አድርግለት፣ ይበቃዋል» አሉ።

«የተጣመመ ዓረፍተ ነገር በእንጨት ይደገፋል?» አሉ አራሚው። «እንደገና ይጻፋል እንጂ!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ አጥር ሥራቸው ሆነ። አጥር ስለማሠራት አንድ ሰው በወረቀት ሊያውቀው የሚችለውን ሁሉ አወቁ። ከመንደሩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አወጡ። አባታቸው የቀበሯቸውን ሦስት የወሰን ድንጋዮች በዶማ ፈልገው አገኙ፣ ከድንጋይ ድንጋይ ገመድ ወጠሩ፣ ገመዱን በአንድ ዓይናቸው አነጣጥረው አዩ፤ የጎረቤት መሬት በጣት እንኳ አልነኩም። በዚህስ አይታሙም። ማኅተም ያለው ሰው ሁሉ ፈቅዶላቸው ነበር። ማኅተም የሌላቸው እታለም ግን አልተጠየቁም።

«ለእታለም ነግረሃታል?» አሉ ባለቤታቸው።

«ምኑን?»

«አጥሩን ነዋ!»

«አጥር እኮ ነበረ። ያው አጥር ነው፤ ቀና ይላል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ደስ ይላታል።»

«ልጇ ዘንድ ሄዳ ጉልበቷን እየታከመች ነው፣ ቅዳሜ ትመለሳለች። አምስት ቀን መጠበቅ ምንድን ነው?»

አምስት ቀን መጠበቅ ምን እንደሆነ የመለሰው አጥር ሠሪው ነበር። ይህ ሰው ረጅም፣ ከወገቡ ትንሽ ዘመም ያለ ሲሆን፣ ሰፈሩ በምፀት «ቱምቢ» ይለዋል። ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚለካበት ያ በክር የሚንጠለጠል ብረት ነው፣ ቱምቢ። «ጋሼ፣ ከሰኞ ካለፈ ሁለት ወር አታገኙኝም» አለ። ሁለት ወር ተጋድሞ የሚያድር አጥር! አራሚውን ነገሩ እንቅልፍ ነሣቸው፤ በነጋታውም ውል ጻፉ።

ውሉ አራት ገጽ ነበር። እንዲህ ያለ ውል አጥር ይቅርና ድልድይ ተሠርቶበት አያውቅም። ነጠላ ሰረዙ በቦታው፣ ድርብ ሰረዙ በቦታው፣ ሀሌታው «ሀ» ከሐመሩ «ሐ» ሳይደባለቅ፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ። ቱምቢ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«‘በወሰኑ ላይ የሚገኝ ማናቸውም ክፍት ቦታ ሁሉ በተስማሚ ቆርቆሮ ይሞላል’። ጋሼ፣ ሁሉ ሲሉ... ሁሉ?»

«ወዳጄ፣ ‘ሁሉ’ የሚለው ቃል ማብራሪያ አይሻም።»

«አይ፣ እኔ ግን አንዳንድ ቤት ሲሆን...»

«ማናቸውም። ክፍት ቦታ። ሁሉ።» አራሚው ጣታቸውን በየቃሉ ላይ አሳረፉ። እጃቸው ይህን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ እንዴት ያለ ምቾት እንደተሰማው እሳቸው ብቻ ያውቃሉ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ከኖረ ወዳጅ ጋር መንገድ ላይ እንደመገናኘት ነበር። ሰው ከለመደው ቃል ጋር ሲገናኝ ይተቃቀፋል እንጂ ምን አመጣህ ብሎ አይጠይቅም።

ቱምቢ ትከሻውን ሰበቀና ፈረመ።

ሰኞ ቁጥቋጦው ተመነጠረ። ማክሰኞ የብረቱ ቋሚ የሚተከልበት ጉድጓድ ሲቆፈር፣ አራተኛው ላይ ዶማው «ቋ» አለና ውሃ የሰው ቁመት ያህል ተተኮሰ። ቱምቢ ከጫማው እስከ ደረቱ ርሶ ጠየቀ፦

«ጋሼ፣ እዚህ ሥር ቧንቧ ነበረ እንዴ?»

ነበረ። ከታችኛው መንገድ ተነሥቶ በአራሚው ጓሮ አልፎ ወደ እታለም ቤት የሚወጣ ቧንቧ ነው፤ አባታቸው ሲያስቀብሩት አጠገባቸው የቆሙት እታለም ነበሩ። እታለም ቢጠየቁ «ከመካከለኛው ድንጋይ ሁለት ክንድ ፈቀቅ በል» ይሉ ነበር። ግን የወሰኑን ድንጋይ ያገኘ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል? የቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ መጣ፣ ጫፉን በእንጨት ወተፈ፣ «ዕቃው ሲገኝ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር የኖረ ሁሉ ይህ ቃል ምን ያህል ዘመን እንደሚሸፍን ያውቃል።

ረቡዕ ቆርቆሮው የሚመታበት ቀን ነው። አራሚው በዚያ ቀን ከጓሮአቸው መነቃነቅ አልነበረባቸውም። ነገር ግን የጡረታ ቢሮው በሕይወት መኖራቸውን በአካል ቀርበው እንዲያስረዱ በዚያው ቀን ቀጥሯቸው ነበር። ሲያስረዱ ዋሉ። አንደኛው መስኮት አመነ፣ ሁለተኛው ተጠራጠረ፣ ሦስተኛው ምሳ ወጣ። መኖራቸው ተረጋግጦ ወደ ቤት ሲመለሱ አሥር ሰዓት ሆኗል።

አጥሩ አልቋል።

ደግሞስ እንዴት ያለ አጥር! ከድንጋይ ድንጋይ ቀጥ ያለ፣ ራሱ እኩል፣ እግሩ በሲሚንቶ የታሰረ፣ የከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ አዲስ ገጽ የሚያበራ። አራሚው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሱ። አንድ ግድፈት ፈለጉ፣ አጡ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ንጹሕ ገጽ አይተው አያውቁም።

«አምሯል አይደል?» አሉ ባለቤታቸውን።

ባለቤታቸው ወጥ ቤቱ በር ላይ እጃቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ቆመዋል። «አምሯል። እታለም በየት ትመጣለች?»

አራሚው ዞረው አዩ። ሽንቁሩ የለም። መሄዱ ብቻ ሳይሆን የት እንደነበረ እንኳ መናገር አቃታቸው፤ ቆርቆሮ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

ቱምቢ መሣሪያውን እየሰበሰበ ነበር። «አንተ! መንገዱስ?»

«የቱ መንገድ?»

«እዚህ ሽንቁር አልነበረም?»

«ነበረ። ሞላሁታ! ‘ማናቸውም ክፍት ቦታ ሁሉ’። ጠይቄዎት ነበር እኮ ጋሼ።»

«እሱ ክፍት ቦታ አይደለም፣ መንገድ ነው!»

ቱምቢ ውሉን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። «መንገድ የሚል የለበትም። ደግሞ አንቀጽ አምስት ‘የአጥሩ ፊት ወደ አሠሪው ይሁን’ ይላል፣ አድርጌያለሁ። ማገሩና ሚስማሩ በወዲያ በኩል ነው፣ እርስዎ ለስላሳውን ነው የሚያዩት። ልቁረጠው ካሉኝ እቆርጣለሁ። ግን አንቀጽ ዘጠኝ ‘የተመታ ቆርቆሮ ያለ ጽሑፍ ማሻሻያ አይነካም’ ይላል። ማሻሻያ ይጻፉልኝ።»

ጽሑፍ ማሻሻያ! ይህም ማለት «ተሳስቻለሁ» ብሎ በራስ እጅ ጽፎ፣ ለአጥር ሠሪ መስጠት ማለት ነው። አራሚው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «እናስብበታለን» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን አጥሩ አምሮባቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ንጹሕ ገጽ በመቀስ መብሳት ንጹሕ ወረቀት ላይ ቀለም እንደማፍሰስ ታያቸው። ደግሞ እታለም ታውቀኛለች፣ እታለም ትረዳኛለች፣ ለጥቂት ቀን ዞራ ብትመጣስ ምናለበት እያሉ ልባቸውን ሲያባብሉ ቅዳሜ ደረሰ።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል አራሚው የሳምንቱን ጋዜጦች ደርድረው ወጥ ቤት ተቀመጡ። ወዲያው ከአጥሩ ወዲያ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ። መጣ፣ መጣ፣ ቆመ። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ የእጅ ኮሽታ ሄደ፤ ወደ ግራ ረጅም፣ ወደ ቀኝ ረጅም። አራሚው ጋዜጣውን እንደያዙ ትንፋሻቸውን ዋጡ። «እታለም!» ማለት አንድ ቃል ነበር፤ አላሉትም። የነጠላ ጫማው ድምፅ ተመለሰ።

ሰኞ ድምፁ አልመጣም። ማክሰኞ ባለቤታቸው ደረጃውን ወጥተው ጠይቀዋቸው ተመለሱ።

«ምን አለችሽ?»

«‘ለባልሽ አጥሩ ጥሩ ነው በይው’ አለች። ‘የሰው ድምፅ አያሳልፍም’ አለች።»

«ተቆጥታለች?»

«አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻልህ ነበር።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ? ከጎረቤት ውሃ እያስቀዳች ነው።»

ረቡዕ ጠዋት አራሚው ጋዜጣውን ለባዶ ወንበር አነበቡ። አንድ ገጽ ያህል ሄደው የፈጠኑ መሰላቸው፤ ቀና ሲሉ «ቀስ በል» የሚላቸው የለም። ጋዜጣውን አጠፉና ኮታቸውን ደረቡ። ከእኅት ጋር ሆድና ጀርባ ሆኖ ንጹሕ ገጽ ምን ሊያደርግ!

ጋራዡን አልፈው ደረጃውን ተያያዙት። አሥራ አምስተኛው ላይ አረፉ፣ ሃያ ስድስተኛው ላይ እንደገና አረፉ፤ የእታለምን ጉልበት አሰቡ። የፊት ለፊቱን በር ያንኳኩት አማቻቸው፣ ማለትም የእታለም ባል፣ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

እታለም ከፈቱ። ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው።

«ማንን ፈልገው ነው?»

አራሚው ደነገጡ። በዕድሜያቸው ሙሉ ከእታለም አፍ «አንተ» እንጂ «እርስዎ» ሰምተው አያውቁም። «እታለም፣ እኔ ነኝ እኮ!»

«አየሁ። ይግቡ። ከሩቅ ነው የመጡት፣ ደክሞዎት ይሆናል።» እንግዳ የሚቀመጥበትን፣ ዳንቴል የለበሰውን ወንበር አሳዩአቸው። «ውሃ ላቅርብልዎ እንዳልል ውሃ የለም። ወንድሜ ቆርጦት ነው። ያውቁታል ወንድሜን?»

«እታለም፣ ቧንቧው በስህተት...»

«እሱስ ይሁን። መንገዴንም ዘጋው። ይህም ይሁን። ግን የአጥሩን ጀርባ ለእኔ መስጠቱ! በመስኮቴ በኩል ማገርና የሚስማር ሹል እየቆጠርኩ ነው የምውለው።»

«እንዲህ ታስቦ አልነበረም። በአንቀጽ ሦስት ላይ ‘ክፍት ቦታ’ የሚለው ቃል...»

«ቃሉን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ፊደል ማን አስቆጠረዎት?»

«አንቺ።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የአስተማሪዋ ነው፤ እርስዎ ምን ያድርጉ!»

አራሚው ሳቅ ቢጤ ሞከሩ፤ እታለም አልሳቁም። ጉልበታቸውን በእጃቸው እያሹ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«እሑድ ጠዋት መጥቼ ነበር» አሉ። «አጥር እንዳጠርክ አየሁ። አጥር ማጠር መብትህ ነው። ብቻ አንዱ ጋ በር ሳይተውልኝ አይቀርም ብዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ ዳሰስኩ። አጣሁት። ያን ጊዜ ዘጋብኝ አላልኩም። አንተ እኔን ትረሳለህ የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም። ዓይኔ ነው የሰነፈው፣ በሩ አለ፣ እኔ ነኝ ማየት ያቃተኝ አልኩ። ቤት ገብቼ መነጽር አድርጌ ተመልሼ በመስኮት አየሁ።»

አራሚው ሊጨምሩ የሚችሉት ነገር አልነበረም። ድርብ ሰረዝ ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ነጥብ ሆኑ።

«ሰምቼሽ ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ዳንቴሉን እያዩ። «ስትዳስሺ ሰምቼ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ።»

እታለም ጉልበታቸውን ማሸት ተዉ። «በር» አሉ።

«በር አሠራለሁ።»

«መቀርቀሪያው በእኔ በኩል ይሁን።»

«በሁለቱም በኩል ቢሆን አይሻልም? ምናልባት...»

«በእኔ በኩል።»

«በአንቺ በኩል» አሉ አራሚው።

እዚያው ኪሳቸው ውስጥ ከነበረ ወረቀት ላይ ማሻሻያውን መጻፍ ጀመሩ፤ «ከላይ በተጠቀሰው ውል አንቀጽ ሦስት ላይ የሰፈረው ሐረግ በሚከተለው ሁኔታ ተስተካክሎ...» እታለም እጃቸውን ዘርግተው እስክሪብቶውን ነጠቋቸው፣ የተጻፈውን ሰረዙ፣ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «በር ይውጣለት፤ መቀርቀሪያው በላይኛው ቤት በኩል» ብለው ጻፉ።

ቱምቢ በማግሥቱ ወረቀቱን ቆሞ አነበበው። ከንፈሩ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። «እንዲህ ይጻፋል እንጂ ጋሼ!» አለና መቀሱን አነሣ። የቧንቧ ሠራተኛውም በዚያው ሳምንት ተገኘ፤ የተገኘው አራሚው ቤቱ ድረስ ሄደው በሩ ላይ ስለተቀመጡ ነው። ማገሩ ግን ወደ እታለም እንደዞረ ቀረ። አጥር ሠርቶ ያበቃ ሰው ፊቱን ማዞር እንደማይችል አራሚው ዘግይተው ተማሩ። እታለም በበኩላቸው በማገሩ ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ አሰሩበት፤ «ጀርባ ከሰጠኸኝ ጀርባውን ልሥራበት» አሉ።

በሩ በስተግራ አንድ ጣት ያህል ወረድ ብሏል። አራሚው አይተውታል። አፋቸውን ከፍተው ባለቤታቸውን አዩ፣ አፋቸውን ዘጉ።

የእታለም ጉልበት ገና ስላልጠና፣ አሁን ጋዜጣውን ይዘው የሚሄዱት አራሚው ናቸው። በመጀመሪያው ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል በሩ ፊት ቆመው ገፉት። ተቀርቅሯል። አንኳኩ። ከወዲያ የነጠላ ጫማ ድምፅ ቀስ ብሎ መጥቶ ቆመ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ወንድምሽ ነኛ!»

«የትኛው ወንድሜ?»

«ያለሽ አንድ ነው እታለም!»

«እሱማ አጥር አሠርቷል አሉ» አሉ እታለም ከቆርቆሮው ወዲያ። «ዜናው ምን ይላል? እስቲ እዚያው ሆነህ ጀምርልኝ።»

አራሚው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተመለከቱ። ማንም የለም። ጋዜጣውን ዘረጉና ለቆርቆሮው ማንበብ ጀመሩ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ «ቀስ በል» የሚል ድምፅ ሰሙ፣ መቀርቀሪያውም ተከፈተ።